የየሻረግ ፊት የወረደ ዕለት

ወገኖቼ፣ ጌታ በሚስቴ በየሻረግ ላይ ያደረገውን ልመሰክር ተነሥቻለሁ። በብዕሬ ሁሉን ነቃፊ መሆኔን ታውቃላችሁ፤ እኔ ሳመሰግን ከሰማችሁ ግማሹ ተአምር ተፈጽሟል ማለት ነው። ስሙ ይባረክ!

ለቅሶዬ ግን የሚጀምረው ከወንድሜ ነው። መሪጌታ ዘለቀ ቢቸና ነበር። በዐቢይ ጾም ማሕሌት ቆሞ ሳለ መቋሚያው ከቀኝ እጁ ወደቀ። አንሥተው ሰጡት፤ ደግሞ ወደቀ። «የኔታ፣ ጾሙ ጎዳዎ» ብለው አስቀመጡት። አፉ ወደ ጎን ሲጣመም ደግሞ «ምች ነው» አሉና ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡት። መዋጥ አቅቶት ነበርና ትን አለው። መልእክት ደርሶኝ ከሞጣ ስመጣ ቀብሩ አልቋል። የሚወዱት ሰዎች ናቸው፣ ወገኖቼ፤ በሚያውቁት መድኃኒት ሸኙት።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ አንድ ሐኪም፣ «ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ምላስ ሲተሳሰር ችግሩ የአንጎል ደም ሥር ነው። ምንም ሳታጠጡ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው» አለኝ። «ከቀብር በኋላ ነው የሚነገረኝ?» አልኩት። 

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ እዚሁ ሞጣ፣ በርበሬ ስትቀነጥስ የነበረችው የሻረግ ልታናግረኝ ሞከረች። የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ቀና ብዬ ሳያት ግማሽ ፊቷ ወርዷል። «ሁለቱንም እጅሽን አንሺ» አልኳት። ግራው ተነሣ፤ ቀኙ ጭኗ ላይ ቀረ።

ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ዳማከሴ ይዘው ከተፍ አሉ። «ዞር በል፣ ምች እኮ ነው!»

«እማማ፣ ወንድሜንም ምች ብለው ነው የቀበሩት።»

«ምነው ልጄ፣ ጠላትህ ነኝ?»

«አይደሉም። ጠብታ ግን አይነካትም።»

ነጋዴው ሐጂ ሰዒድ መኪናቸው ላይ ቆዳ ያስጭኑ ነበር። ጩኸታችንን ሰምተው መጡና አንዴ አዩዋት። «ቆዳው ይውረድ!» አሉ። «የሞተ በግ አይቸኩልም።»

መንገድ ላይ ራሷን ታቅፌ ልጸልይ ብል በልጅነቴ የደገምኩት ዳዊት ሁሉ ጠፋብኝ። «ጌታ ሆይ፣ አትውሰዳት» ብቻ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ ከዚህ የተሻለ ዓረፍተ ነገር አልወጣኝም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ተረኛው ሐኪም፣ «ቶሎ መጥታችኋል፤ ትተርፍ ይሆናል። ስለ አንደበቷ ግን ቃል አልገባም» አሉኝ። አልጋዋ አጠገብ አንዲት ነርስ ጸለየችልንና አዲስ ኪዳን ሰጠችኝ። ብዙ መጽሐፍ ነቅፌአለሁ፤ ይህኛው እኔን ነቀፈኝ። እዚያው ተንበርክኬ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

እነሆ፣ የሻረግ ከፊታችሁ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ አልዳነም፤ አንደበቷም አልተፈታም። አብራችሁ ልትዘምር ስትሞክርና ሲያቅታት አይቼ ፊቴን አዞራለሁ። ቢሆንም ጠዋት ነቅቼ ስትተነፍስ ስሰማት፣ ጌታ ሆይ ተመስገን እላለሁ።

እናንተም ታመኑት። የሰው ፊት ሲጣመም ካያችሁ ግን ተንበርክካችሁ አትቆዩ፤ ተሸክማችሁ ሩጡ። በቆዳ መኪና ላይ የተጸለየውንም ይሰማል፤ እኔን ሰምቶኛል።