ቀጭኑ ገመድ

እኅቴ የምትኖረው ቁሐር ሚካኤል ነው። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ይህንንም አንድ ቀን አስረስታኝ አታውቅም። ያለፈው ጥር ሩዟን አስገብታ፣ ከቤቷ ራቅ ባለው ማሳ ላይ የሽንኩርት ችግኝ አፍልታ ነበር። ውኃውን ከጉድጓድ የሚስብላት የጎረቤት የቤንዚን ሞተር ነበር፤ ቤንዚን ጠፋና ሞተሩ የዶሮ ቆጥ ሆነ። ስለዚህ በመብራት የሚሠራ ፓምፕ ገዛችና ገመዱን እንድዘረጋላት ላከችብኝ። ችግኙ ውኃ ካየ ሦስት ቀን አልፎታል። እሱ ከደረቀ ዘንድሮ ሽንኩርት የለም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ማንን ትጥራ?

በጠዋት ወረታ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ከቤቱ እስከ ጉድጓዱ መቶ ሠላሳ ሜትር ያህል እንደሆነ ለባለሱቁ ነገርኩት።

«ለፓምፕ ከሆነ ይኼን ወፍራሙን ይውሰዱ፣ መምህር።»

ወፍራሙን ጥቅል አየሁት። ወገቤን ካመመኝ ቆይቷል፤ ይህን ግን ከባለቤቴና ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ለባለሱቅ የምነግርበትም ምክንያት አልታየኝም።

«ልጄ፣ ኮረንትን ለእኔ ልታስተምረኝ ነው? ቀጭኑ ይበቃል።»

«እንዳሉ» ብሎ ቀጭኑን ሰጠኝ። እንደ ጎረምሳ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ወጣሁ።

ቁሐር ደርሼ ገመዱን በየካስማው እያሰርኩ እስከ ጉድጓዱ ዘረጋሁት። የተረፈውን ፓምፑ አጠገብ ጠቅልዬ አስቀመጥኩና መብራቱን ለቀቅሁ። ፓምፑ አጉረመረመ እንጂ አልዞረም።

«እታለም፣ የተበላሸ ፓምፕ ነው የሸጡልሽ።»

«ሲሸጡልኝ በዓይኔ እያየሁት ዞሯል።»

«እንግዲያው የአገሩ መብራት ደክሞ ነው።»

«ማዶ የሩዝ መፈተጊያው ሲጮኽ አትሰማም?»

ጉድጓዱን ልከስስ አፌን ስከፍት እኅቴ ጎንበስ ብላ የተረፈውን ጥቅል ዳበሰች።

«ይኼ ገመድህ ግን ትኩሳት ይዞታል» አለች።

ያን ጊዜ ነው የኤሌክትሪክ መለኪያዬን ከኮቴ ኪስ ያወጣሁት። ከመጀመሪያው ባወጣው ኖሮ ምን ነበረበት? ግን መለካት የሚያስፈልገው ለማያውቅ ሰው ነው፤ እኔ አውቅ ነበራ። ፓምፑ እያጉረመረመ እቤት ስለካ ሁለት መቶ አሥር ቮልት ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ስደርስ መቶ ሃምሳ። ስድሳው ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንት ደግሞ አሥር አምፔር ሆነ። ፓምፑ እንዳይቃጠል መብራቱን ፈጥኜ ነቀልኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስድሳውን ለአሥር ሳካፍል ስድስት ኦም፤ ገመዴ ኮረንቱን የሚገታበት መጠን ይኸው ነው። ስድሳውን በአሥር ሳባዛ ስድስት መቶ ዋት። በስድስት መቶ ዋት ውኃ በመሳብ ፈንታ ገመድ እያሞቅን ነበር።

ይህን የመሰለ ጥያቄ ለፈተና ስንት ጊዜ አውጥቻለሁ። የተሳሳተውን ልጅም በቀይ እስክሪብቶ አሳሩን አሳይቼዋለሁ። ገመዱን ማን እንደገዛው ግን በፈተናዬ ላይ ጠይቄ አላውቅም።

እኅቴ ጠየቀች።

«ማን ነው ይኼን ቀጭን ገመድ የገዛው?»

«አንድ ሽማግሌ ነው።»

«ታዲያ ያ ሽማግሌ አሁን ምን ይበጃል ይላል?»

ችግኙን ቀና ብዬ አየሁት። ጫፉ ተኝቷል፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጣት የሚያስገባ ያህል ተሰነጣጥቋል። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አልደረሰችም።

«አንድ ቦይ ካልበቃ ሁለተኛ ይቀደዳል» አለች ራሷ መልሳ። ልጆችን ለማስረዳት ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚፈጅብኝን ነገር ተናግራ ጨረሰችው። ያንኑ የመሰለ ሌላ ገመድ ጎን ለጎን ከተዘረጋ፣ ስድስቱ ኦም ሦስት ይሆናል።

በባጃጅ ወረታ ተመለስኩ። ባለሱቁ ገና ሲያየኝ መሰላሉን ያዘ።

«ወፍራሙን ላውርድልዎ?»

«አይ፣ ከቀጭኑ አንድ ድገመኝ።»

«ሁለት ቀጭን እኮ የአንድ ወፍራም ያህል ይከብዳል፣ መምህር።»

«አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ሲመላለሱበት ግን ወገብ አይታወቀውም።»

አፌ አመለጠኝ። ልጁ ጥቅሉን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ባጃጁ ወሰደልኝ።

«ጠዋት ቢነግሩኝ ወፍራሙንም እሸከምልዎ ነበር» አለኝ፤ ሳይስቅ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ገመድ ከፊተኛው ጎን ዘርግቼ በሁለቱም ጫፍ ከእሱ ጋር አሰርኩት። መብራቱን ስለቅቅ ፓምፑ አንዴ አቃሰተና ዞረ። ውኃው መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ሆኖ ወጣ። እኔ ግን መለኪያዬን ይዤ ከቤት ጉድጓድ፣ ከጉድጓድ ቤት እሮጣለሁ፣ መሮጥ ከተባለ። በመንገድ የሚቀረው አሥራ አምስት ቮልት፤ ፓምፑ መዞር ስለቻለ ኮረንቱም ወርዶ አምስት አምፔር።

«እታለም፣ ሦስት ኦም! ሰባ አምስት ዋት ብቻ ነው የሚባክነው፤ ከስድስት መቶ…»

«ደግ። አሁን ያን መደብ ክፈት።»

ዶማውን አቀበለችኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ዋልካው ውኃውን ሲውጥ ድምፁ ይሰማል፤ የመጀመሪያው መደብ ጠግቦ ወደ ሁለተኛው እስኪያሳልፍ ብዙ ጊዜ ወሰደ። የመጨረሻውን መደብ ስንዘጋ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። ችግኙ እንደተኛ ነው።

«ሞቷል እንዴ?» አልኳት።

«ጠዋት ይናገራል።»

እዚያው አደርኩ። ሲነጋ እኅቴ ቀድማኝ ማሳው ላይ ደርሳለች። ከመደብ መደብ ቁጢጥ እያለች ታያለች፤ አልፎ አልፎ ያልተነሣ ስታገኝ ነቅላ ትጥላለች። የጣለችው እፍኝ አይሞላም። ሌላው ጤዛ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ለተከላ ይበቃል» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሰኞ እንተክለዋለን።»