ዱካው የቆመበት በር

በብድሬ ቆላ ከብት ተሰርቆ ባለቤቱ ሲጮኽ፣ ሰው ከፖሊስ ጣቢያ አስቀድሞ የሚላከው ወደ ኦቦ አብዱልሃኪም ነበር። የወይፈንን ኮቴ ከጊደር፣ የተነዳን ከብት ከባዘነ የሚለዩ፣ በድንጋያማ ምድር እንኳ ዱካ የማይጠፋባቸው ሰው ነበሩ። ሥራቸውም ሕግ ነበረው። ዱካው ከአንድ መንደር ደጃፍ ሲደርስ ቆም ብለው «ገብቷል፤ መውጫውን አሳዩ» ይላሉ። መንደሩ ዱካው በማዶ በኩል መውጣቱን ካሳየ ነጻ ነው፤ ካላሳየ የሌባው ዕዳ የመንደሩ ዕዳ ይሆናል። የተሰረቀበት ሰው ግን በመንገዱ ሁሉ ቃል እንዲተነፍስ አይፈቀድለትም ነበር። ንዴት ዓይንን ያሳስታል ብለው ስለሚያምኑ፣ ኦቦ አብዱልሃኪም የሚጠይቁት መሬቱን እንጂ ተበዳዩን አልነበረም።

ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ባሌ ሮቤ ወጥተው ከባልቴት እህታቸው ቤት ተጠጉ፤ የእህል መጋዘን ዘበኛም ሆኑ። በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት በጋ፣ የሲናና ስንዴ በኮምባይነር በሚታጨድበት ወቅት፣ በዚያ ቤት ላይ መዓት ወረደ። በጎባ የነርስነት ትምህርት የምትማረው የእህታቸው ልጅ ሰቢሪና፣ ፊቷ ከእርቃን ሴት ገላ ጋር ተቀጥሎ በፌስቡክ ወጣ። ምስሉ የተለቀቀው በራሷ ገጽ፣ ለሚያውቋት ሁሉ ነበር። ወንድሟ ዲማ ያየው የኮምባይነር ተራ ከሚጠብቁ ገበሬዎች መካከል ቆሞ ሳለ፣ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ነው። ገበሬዎቹ ሲያዩት ስልኩን ሸሸጉ፤ መሸሸጋቸውም ከሳቅ ይልቅ አቃጠለው።

ዲማ ቤት እንደገባ እህቱን ከንፈሯ እስኪሰነጠቅ መታት። ገጿን የት ትከፍት እንደነበር ሲያስጨንቃት፣ በለሚ ኢንተርኔት ቤት መሆኑን ነገረችው። የቀረውን ልትናገር አፏን ብትከፍት ሁለተኛው ጥፊ ዘጋው። ጓዳ ቆልፎባት የእናቱን ወንድም ጠራ፤ አቡያው ናቸውና ያለ እሳቸው ቃል እጁን በባዕድ ላይ ሊያነሣ አልፈለገም። ኦቦ አብዱልሃኪምም እንደ ልማዳቸው ልጅቱን አንዳች ሳይጠይቁ ተከተሉት።

ለሚ በዋናው መንገድ ዳር ያረጁ ኮምፒውተሮች ደርድሮ የሚያሠራ፣ ለተማሪ ማመልከቻ የሚጽፍ ከሲታ ወጣት ነበር። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ነገሩ በዚህ በር ገብቷል» አሉት። «መውጫውን አሳየን።»

ለሚ እየተንተባተበ ያስረዳ ጀመር። ይህን ያደረገው ሰው ባሕር ማዶ ሊሆን እንደሚችል፣ እንዲህ ያለው ሌባ ከተጠቂው ጋር ተያይቶ እንደማያውቅ፣ በየትኛው አገር እንደተቀመጠ ግን ሊያሳይ እንደማይችል ተናገረ።

ዲማ ዞር ብሎ አብረውት የመጡትን ሁለት ጓደኞቹን አያቸው። «ባሕር ማዶ ያለ ሰው እህቴን በምን አወቃት? ሮቤ ገበያ ስንዴ ሊሸምት መጥቶ ነው?»

ጓደኞቹ ሳቁ። ኦቦ አብዱልሃኪም ግን ሳይስቁ፣ በቆላ በርካታ መንደሮችን ባስከፈሉበት ድምፅ «መውጫ የለውም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። የዱካ አዋቂ ሥራ ከደጃፍ አያልፍም ነበር። ከኋላቸው የመስታወት ስብርባሪ ሲረግፍ፣ ቀጥሎም ሽመል ሥጋ ላይ ሲያርፍ ሰሙ፤ እርምጃቸውን ግን አላቋረጡም።

ቤት ሲደርሱ ሰቢሪና በጓዳው በር ሥር ሆና በኦሮምኛ «አቡያ» ብላ ተጣራች። ከፈቱላት። በደም በራሰው ነጠላዋ አፏን ይዛ፣ ሌባው ምስሉን ከመልቀቁ በፊት ያላትን ነገረቻቸው። ለነርስ ተማሪዎች የውጭ አገር የትምህርት ዕድል አለ የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ደርሷት የይለፍ ቃሏን ሰጥታዋለች። ቀጥሎ የእርቃኑን ምስል ልኮ ማስፈራራት ጀመረ።

«ምን ጠየቀሽ?» አሏት። በዕድሜያቸው ሁሉ ተበዳይን ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«የባንክ ካርድሽን ፊትና ጀርባ አንስተሽ ላኪ አለኝ። የለኝም ስለው የአባትሽን አለ። ሞቷል አልኩት። የወንድምሽን አለኝ፤ እምቢ አልኩት።»

ሽማግሌው በሰሙት ውስጥ ዱካ አዩ። በቆላ የአንበሳን ግዳይ ከጅብ የሚለዩት ከአበላሉ ነበር፤ ይህም አበላል የዚህ አገር አልነበረም። ከሮቤ እስከ ሶፍ ዑመር ሀብት ያለው በበረትና በጎተራ ነው፤ እዚህ ያደገ ሌባም የሚነዳው በሬ ነው። እዚህ ያደገ ባለጌ ቢሆን ምስሉን ለዲማ ብቻ በስውር አሳይቶ ለዝምታው ዋጋ ወይፈን ባስጎተተው ነበር። ይህ ግን ሀብት በካርድ ከሚያድርበት አገር ሰዎች ጋር መዋል የለመደ፣ ምናልባትም ቋንቋና መሣሪያ ተምሮ እንጀራ ያጣ፣ ነውር ተከፍሎበት የሚያልቅ የሚመስለው ሰው ነው። እምቢ ያለችውን ጥሎ ወደ ሌላይቱ ሲያልፍ፣ በባሌ ከኋላው ምን እንደሚፈስ አያውቅም። በዚያ ኪስ የሚያራቁተው ድርጊት እዚህ አንገት ያስቀላል።

ጉልበታቸውን ረስተው ሮጡ።

ለሚን በኢንተርኔት ቤቱ ጓሮ አገኙት። ግራ ዓይኑ ከደም ጓል በታች ጠፍቷል። ሁለቱ ጓደኞች ቀኝ እጁን በግንድ ላይ ዘርግተው ይዘውታል፤ ዲማም ገጀራ አንሥቷል።

«ዲማ፣ ዱካው ወጥቷል።»

«የት ወጣ? ያሳዩኝ፣ አቡያ።»

«እኔ ረግጬው በማላውቅ ምድር ነው። ላሳይህ አልችልም።»

«እንግዲያው አልወጣም። ሕጉን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ኦቦ አብዱልሃኪም ያን ሕግ ከማንም አብልጠው ያውቁታል፤ ወጥቷል ብሎ ማሳየት ያልቻለ ዕዳውን ራሱ ይሸከማል። ተንበርክከው ክንዳቸውን በለሚ ክንድ ላይ አጋደሙ።

«ከእኔ ደጅ ቆሟል» አሉ። «ገብቷል ያልኩ እኔ ነኝ።»

ገጀራው ወረደ። ዲማ ሊመልሰው አቅቶት ይሁን ሳይፈልግ ቀርቶ ኋላም ለማንም አልተናገረም። የሽማግሌው አጥንት እንደ ደረቀ እንጨት ጮኸ፤ ደማቸውም የለሚን እጅ አለበሰው። የአቡያን ደም ማፍሰስ በዚያ አገር ሰባት ቤት የሚከተል ርግማን ነውና ጓደኞቹ አጥር ዘለው ሸሹ። ዲማ ገጀራውን ጥሎ መሬት ላይ ተደፋ፤ ርግማኑንም ጠበቀ።

ሽማግሌው ክንዳቸውን በጥምጥማቸው እያሰሩ «ተሸከመው» ብቻ አሉት።

ዲማ የገዛ እጁ የቀጠቀጠውን ሰው አዝሎ መንገዱ ላይ እስከቆመ ባጃጅ ወሰደው። ሦስቱም ወደ ጎባ ሆስፒታል ሲከንፉ የለሚ ጭንቅላት በዲማ ትከሻ ላይ ይንገላታ ነበር፤ ደሙም በአንገትጌው ውስጥ ይወርዳል። ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ለሚ በተረፈው ዓይኑ ቀና ብሎ አየው።

«እህትህንስ ገደልካት?» አለው።

ዲማ የጎባ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች እስኪታዩ ድረስ አፉን ለመክፈት ሞከረ። «አልገደልኳትም» ማለት ሲችል፣ ለሚ ራሱን ስቶ ነበር፤ ነፍሱ ግን አልወጣችም፤ የሰሙት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።