በአንድ እስክሪብቶ የተፈረመ ደብተር

ሁለተኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የምታወቀው ወላጅ በማስጨነቅ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ ገበያም ይሁን ባጃጅ ላይ የሚያገኙኝ እናቶች ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ "ትናንት አንብባለች፣ ፈርሜያለሁ" ይሉኛል። ማንም አልጠየቃቸውም። ፊቴ ይጠይቃል መሰለኝ።

የሚያወሩት ስለ ንባብ ደብተሩ ነው። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘግተው ሲከፈቱ ልጆቹ የተመለሱት ፊደሉን ረስተውት ነበር። ርዕሰ መምህራችን ሰበሰበንና "ቤታቸው እንዲያነቡ አድርጉ" አለን፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን አልነገረንም። እኔ አንድ ነገር ዘየድኩ። እያንዳንዱ ልጅ ቀጭን ደብተር እንዲይዝ አደረግኩና ለቀን፣ ለገጽ እና ለፊርማ ቦታ አሰመርኩበት። ልጁ ቤቱ ሄዶ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንድ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማና ይፈርማል። ይኸው ነው። ጠዋት ጠዋት በየዴስኩ እየዞርኩ አያለሁ። ያልተፈረመ ካገኘሁ ልጁን አልቆጣም፣ ወላጁን ነው የማስጠራው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ አባት አስጠራሁ። ቢሮ የሚሠራ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። የልጁ ደብተር ከላይ እስከ ታች ተፈርሞበታል፤ ችግሩ ሁሉም ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አቀማመጥ የተፈረመ መሆኑ ነበር። ሌሎች ወላጆች በቆሙበት ደብተሩን ከፍ አድርጌ "በአንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የተፈረመ ፊርማ ያስታውቃል፣ ጌታዬ። ልጅዎን አልሰሙትም" አልኩት። ሰውየው "ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ቲቸር" አለና መሬት መሬት አየ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ያረፈው ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው በነበሩበት ክረምት ነው። ጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ከተማ ትራንዚተር ነበር፤ ከጅቡቲ በባቡር የሚገባውን ዕቃ ወረቀት እየጨረሰ ያስለቅቃል። ቤት የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ነው፣ ስልክ ግን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል። የሚደውለው ለእኔ አልነበረም። ልጃችን ያኔ መዋዕለ ሕፃናት ነበረች። ሳሎን ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ለጥፎላት ስለነበር በስልክ ይጠይቃታል። "ሁለተኛው መስመር፣ ሦስተኛዋ ማን ናት?" ይላታል። ወንበር ላይ ትወጣለች፣ በጣቷ ትቆጥራለች፣ "ሊ!" ትላለች። እሱ እዚያ ሙቀት ውስጥ ቆሞ ምንም ገበታ ሳያይ "ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ ሰባተኛው መስመር" ይላል። እኔ ማጀት ሆኜ እሰማቸዋለሁ፤ መምህር እኔ ሆኜ ሳለሁ ልጄን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው።

ሦስት ቀን ታመመ። ሦስቱንም ቀን በስልክ ደህና ነኝ ነበር ያለኝ። በአራተኛው ቀን የደወለልኝ የሥራ ባልደረባው ነው።

ለቀብሩ አልቅሻለሁ፤ ሰው ሁሉ ያየው ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ተዘጋብኝ። አዝኜ ነበር ብል ልክ አይሆንም፤ ሐዘን ቢሆን ይሻል ነበር። ምግብ እበላለሁ፣ ጣዕሙን ግን አላውቀውም። ሰው ያወራኛል፣ ሲጨርስ "እውነትህን ነው" እላለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ተመልሼ አስተማርኩ፤ ሥራዬን እጄና ጉሮሮዬ ያውቁታል፣ እኔ ባልኖርም ይሠሩታል። ለወላጆች መቆጣቱ ራሱ ከልማድ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ልጄ ስልኩ ያለበትን ጠረጴዛ ታየዋለች፣ እኔ ደግሞ እሷን አያታለሁ። ገበታው ከግድግዳው አልወረደም፣ የሚጠይቅበት ሰው ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ልጄ ወደ እኔ ክፍል መጣች። ትምህርት ቤት ስንሆን እንደ ሌሎቹ "ቲቸር" ትለኛለች። ክፍሉ ውስጥ ሰባ ልጅ አለ። ሰባ ልጅ የሚያነበው አንድ ላይ ነው፤ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፣ "ተከተሉኝ" እላለሁ፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ ይከተሉኛል። አንዳንዱን ለብቻው አስነሥቼ አስነብባለሁ። ልጄን ግን አላስነሣኋትም። አዳላች እንዳልባል ነው፣ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው።

የምንኖርበት ግቢ ውስጥ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ሶማሌ ናት፣ ገበያ ውስጥ ድርያ የሚባለውን ሰፊ የሴቶች ቀሚስ ትሸጣለች፣ አማርኛን የለመደችው ከደንበኞቿ ጋር ስትከራከር ነው። የእሷም ሴት ልጅ እኔ ክፍል ውስጥ ነበረች። ደብተሩን ለልጆቹ ባደልኩበት ሰሞን እናትየዋ ይዛው ደጃፌ መጣች።

"ልጄ ቢሮ እንድትሠራ ነው አማርኛ ያስገባኋት" አለችኝ። "እኔ ግን አላነብም። ሳላውቅ ምን ብዬ ነው የምፈርመው?"

ይህን ጥያቄ ከሷ በፊት ብዙ ወላጅ ጠይቆኛል፣ መልሴም አንድ ነው። "ማንበብ አያስፈልግሽም። ልጅሽ ጣቷን ከምታነበው ቃል ሥር ታድርግ። አንቺ ጣቷን እዪ፣ ድምፅዋን ስሚ። ጣትና ድምፅ አብረው ከሄዱ እያነበበች ነው።"

ጣቴን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት። አንገቷን ነቀነቀች፤ የሰማችውን በቁም ነገር የምትይዝ ሴት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጇ ደብተር ላይ በየቀኑ ትንሽ ክብ ትሥላለች። ክቡ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ጥቁር፣ አንድ ቀን በልብስ ማስመሪያ ጠመኔ ነው። ከሰባው ደብተር ውስጥ እንደሱ የማምነው አልነበረም።

የልጄን ደብተር የምፈርመው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ነበር። ከትምህርት ቤት ገብተን፣ ምሳ በልተን፣ መጽሐፏን ይዛ ስትመጣ እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ መስኮቱን አያለሁ። ታነባለች፤ "ጎበዝ" እላታለሁ፤ እፈርማለሁ። በኋላ ላይ የሌሎቹን ልጆች ሥራ እያረምኩ እፈርማለሁ። አንድ እሁድ ደግሞ ደብተሩን አነሣሁና እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ፈረምኩበት። ቀኑን ሳይቀር ሞላሁት። እጄ ላይ የነበረው ያው አንድ ቀይ የማረሚያ እስክሪብቶ ነው። ያ አባት ትዝ አላለኝም። ቢለኝም የምቆም አይመስለኝም፤ ምንም ስሜት አልሰጠኝም፣ አንድ ሥራ የተቃለለልኝ ብቻ መሰለኝ።

ልጄ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቤት መዋል ጀመረች። እዚያ ከልጇ ጋር አብረው ያነባሉ፣ ሴትየዋ ፊት ለፊታቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ጣታቸውን ታያለች። አንድ ቀን ጅግጅጋ እንደ ልማዷ አቧራ ስታስነሣ፣ በሩን ለመዝጋት ስወጣ ጎረቤቴ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ሻርፗን በጥርሷ ነክሳ ይዛዋለች፤ ከነፋሱ ይሁን ከኀፍረት አላወቅኩም።

"አባዮ፣ አትቆጪኝ" አለች። አባዮ እህቴ ማለቷ ነው። "ልጅሽ ቆንጆ ታነባለች። ከእኔ ልጅ ትበልጣለች፣ አትሳሳትም።"

"ታዲያ ምን ሆነች?"

"ጣቷ።" መዳፏን ዘረጋች፣ እኔ ያሳየኋትን መልሳ አሳየችኝ። "አፏ እዚህ ደርሶ ይጨርሳል። ጣቷ ገና እዚህ ነው። አንዳንዴ ጣቷ ይሄዳል፣ አፏ ይቆማል። አብረው አይሄዱም።" ከዚያ ቶሎ ብላ "እኔ ማንበብ አላውቅም፣ ምናልባት ተሳስቻለሁ። መምህሯ አንቺ ነሽ። ወላሂ ለማንም አልተናገርኩም" አለች።

"እሺ፣ አያታለሁ፣ አመሰግናለሁ" አልኳት። ስትሄድ ተናደድኩ። አንዲት ፊደል ያልቆጠረች ሴት ለሃያ ዓመት መምህር ስለ ንባብ ትነግራለች ብዬ ነው፣ አልደብቅም። ከስንት ጊዜ በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ንዴት ነበር፤ እሱም በሩን እስክዘጋ አልቆየም።

ልጄን ጠርቼ መማሪያ መጽሐፏን አስከፈትኳት። "ፍየሏ ከበረት ወጣች። ፍየሏ ቅጠል በላች" እያለች ገጹን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ልክ ነው፣ አንድም ቃል አልጎደለም። ይህን ጊዜ ከትምህርት ቤት ቁም ሳጥን ያመጣሁትን፣ ዓይታው የማታውቀውን የተረት መጽሐፍ አውጥቼ ፊቷ ላይ ዘረጋሁ። ገጹ ላይ ውሃ የተሸከመ አህያ ተሥሏል። ሥዕሉን አየችው። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገች።

"ፍየሏ ከበረት ወጣች" አለች። "ፍየሏ ቅጠል በላች።"

"በላች" ካለች በኋላ ጉሮሮዋን ጠረገች። የጠመኔ ብናኝ ስለሚያስለኝ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን የምጠርገው እኔ ነኝ። ሰባ ልጅ ሲከተለኝ ልጄ ሳሌን ጭምር ተከትላኝ ኖሯል። ከመጽሐፉ ላይ ዓይኔን ሳነሣ እያየችኝ ነው፤ እንደተያዘች አውቃለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ሳታነቢ የምታነቢው።"

አሰበች። የጫማዋን ጥበት የምትነግረኝ ይመስል ያለ ምንም ቅሬታ "አንቺ እኮ መጽሐፉን ሳልከፍተው ጎበዝ ትያለሽ" አለችኝ። ደግሞም ደብተሯን ገልጣ "የነገም ተፈርሟል" ብላ አሳየችኝ።

ማልቀስ ነበረብኝ። ሌላ እናት ብትሆን ታቅፋት ነበር። እኔ ደብተሩን ወስጄ ገና ያልመጡትን ቀናት፣ ገና ያልተነበቡትን ገጾች አንድ በአንድ ተመለከትኩ። ቀይ ፊርማዬ የትም ቦታ አልተዛነፈም። ያኔ ነው የዚያ አባት የተተኮሰ ሸሚዝ ትዝ ያለኝ። በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ለካ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ወራት አልፈውት ነበር።

አዲስ ደብተር ገዛሁና ለጎረቤቴ ሰጠኋት። "የእኔንም ልጅ አንቺ ስሚያት" አልኳት። ልታግደረደር ሞከረች፣ ዓይኔን ስታየው ተወችው። በቀረው ዓመት ሁሉ የመምህሯን ልጅ ደብተር የፈረመችው ማንበብ የማትችለው ጎረቤቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ደብተር ስቆጣጠር ልጄ ዴስክ ላይ ስደርስ ክቧን አይቼ አልፋለሁ። ልጄ ከሀ ነው የጀመረችው። አባቷ ያስቆጠራት ፊደል ጠፍቶ አልነበረም፣ ሁለት ፊደል አንድ ላይ ማያያዝ ነው ያቃታት። ጎረቤቴ "ጣት" ስትል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

ሰኔ ላይ የጎረቤቴ ዘመድ ሐርተሼክ ላይ ሠርግ ደግሶ እሷ ለሳምንት ሄደች። ልጄ ደብተሯን ይዛ ሶፋው አጠገብ ቆመች። የሚሰማ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው የመጣችው፤ እሷም አልደበቀችኝም። ያንን የአህያውን ገጽ መርጣ አነበበች። ዝግ ብላ ነው፣ እየቆመች፣ ተመልሳ እየጀመረች፤ ጣቷና ድምፅዋ ግን አብረው ሄዱ። እኔም ጣቷን ነበር የማየው። ስትጨርስ እስክሪብቶ አነሣሁ።

"ሰማሽኝ?" አለች።

"ሰማሁሽ።"

"አህያው የት ሄደ?"

ገጹን አየሁት። ድምፅዋን ሰምቻለሁ፣ ስሕተቷን ቆጥሬያለሁ፣ አህያው የት እንደሄደ ግን አላወቅኩም። "እንጃ" አልኳት። አልተቆጣችም፣ አላዘነችም፤ እኔ ከልጆች እስክሪብቶ እንደምቀበለው አድርጋ ቀስ ብላ ከእጄ ተቀበለችኝ። ጎኔ ተቀመጠች፣ ጣቴን ያዘችና ከመጀመሪያው ቃል ሥር አስቀመጠችው።

"ተከተዪኝ" አለች፣ እንደ ቲቸር።

ከላይ ጀመረች። ጣቴ ከድምፅዋ ጋር ሄደ። አህያው የሄደው ወደ ውሃው ጉድጓድ ነው።