ቅቤ የጠጣው ፍሪሲዮን

ይህ ከሆነ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ነበሩ፤ እኔም የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሜካኒክ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና ጠግኛለሁ፣ ብዙውንም ረስቼዋለሁ። የዚያ የጋይንት ዳገት ነገር ግን እስከ ዛሬ እንዳስገረመኝ አለ።

የምሠራው ለጋሼ እንድሪስ ነበር። ጋሼ እንድሪስ የንፋስ መውጫ ነጋዴ ናቸው፤ አንዲት የናፍጣ የጭነት መኪና ነበረቻቸው፣ ራሳቸው ይነዷታል። መንገዱ ጥርጊያ ስለሆነ መኪና የሚያልፍበት በበጋ ብቻ ነው። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ አንዴ ከጠነከረ መኪና በቆመበት ይከርማል።

በዚያ ዓመት ሰኔ ሲገባ ገብስ ጭነን ወደ ንፋስ መውጫ ስንመለስ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ሸካራ ሰሃን፣ ፍሪሲዮኑ፣ ተቃጠለ። ስፈታው ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖው፣ እሱም ተሰንጥቋል። ጋሼ እንድሪስ ጎንደር ድረስ ሄደው ሁለቱንም አዲስ ገዝተው ቅዳሜ ከሰዓት ደረሱ። በማግስቱ እሑድ ነው፤ በዚያ አገር በሰንበት መፍቻ የሚያነሣ የለም። ዕቃው ዝናብ እንዳያገኘው ብለን መኪናዋ ከቆመችበት አጠገብ ከወይዘሮ አትጠገብ ቤት አስቀመጥነው። ወይዘሮ አትጠገብ ላሞቻቸውን ይዘው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው።

ሰኞ ማለዳ ዕቃውን አሰርኩት። ብረቱ ወዝ ወዝ ይላል። አዲስ ዕቃ እንዳይዝግ ከፋብሪካው ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፤ ያ ነው ብዬ በጨርቅ ጠረግ አደረግኩት። በቤንዚን ማጠብ ነበረብኝ። ጋሼ እንድሪስ "ቶሎ በል እንጂ፣ ሰማዩን እየው!" ሲሉኝ ተውኩት።

ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትነቃነቅም። ጭራሽ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ ዘልዬ ጎማው ሥር ድንጋይ ወተፍኩ። የሆነ ሽታ ሸተተኝ። ጭነቱ ላይ የተሳፈሩት ሁለት ሴቶች አናታቸውን ቅቤ ተቀብተው ስለነበር የእነሱ ነው ብዬ አለፍኩት። አይ ሞኝነት!

ማክሰኞ የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ አውርጄ እንደገና ፈታሁት። ከሞተሩ የሚያፈስ ዘይት የለም። ብሎኑ ጠብቋል፣ ፔዳሉም ልክ ነው። ፍሪሲዮኑ ግን ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ምክንያቱ ሊገባኝ አልቻለም።

"መኪናዬ እዚህ ከከረመች፣ አንተ እኔ ዘንድ አትከርምም" አሉኝ ጋሼ እንድሪስ። ቀልዳቸውን አልነበረም። እናቴና ሁለት እህቶቼ የሚያድሩት በእኔ ሥራ ነው። ከመኪናው ሥር እንደተጋደምኩ "ዕቃው ድሮም ብልሹ ነው" ብዬ ልምልላቸው ቆረጥኩ። መሐላውን በልቤ እያዘጋጀሁ ሳለ የሰው እግር አየሁ። ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው።

ከቤታቸው እስከዚያ ዳገት ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በጀርባቸው ስልቻ አዝለዋል። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡን፣

"ልጄ፣ ያን ብረት ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ" አሉ።

ከመኪናው ሥር ተስቤ ወጣሁ።

"እኛ ቤት አዲስ ማረሻ ቅቤ ሳይቀባ መሬት አይነካም። ይኸም አዲስ ብረት ነው፣ መንገዱም ክፉ ነው ብዬ ጾሙ እስኪፈታ ያኖርኩትን ቅቤ ቀባሁላችሁ። ያን ሸካራውንማ እስኪጠጣ ድረስ አሸሁት። አሁን አንድ መንገደኛ መኪናዋ ቅቤ ቅቤ እየሸተተች ዳገት ላይ ቆማለች ቢለኝ ልቤ አላርፍ አለኝ።"

ሲቀቡ ማንም አላያቸውም። ዝም ቢሉ እስክሞት አላውቅም ነበር።

"ጋሼ፣ እኔም በቤንዚን አላጠብኩትም" አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ጋሼ እንድሪስ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ። "የቀቡትም አመኑ፣ ያላጠበውም አመነ። እንግዲህ እኔ ብቻዬን ተቆጥቼ ምን ልሆን ነው?"

"ቅቤ የነካው ነጠላ ይታጠብ የለም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ስልቻቸውን እየፈቱ። የተወቀጠ እንዶድና አመድ ነበር። ሥራ ለሠሪው ነው። ፍሪሲዮኑን በእንዶድ አረፋ ያጥባሉ፣ እሳት አንድደን ባሞቅነው አመድ ይቀብሩታል፣ አመዱ ቅቤውን ሲጠጣ አራግፈው እንደገና ያጥባሉ። ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት አልቆጠርኩም። አዋቂ ነኝ ባዩ እኔ ውኃ አቀባይ ሆንኩ። በመጨረሻ ፍሪሲዮኑ እንደ ጥንቱ ሸካራ ሆነ። ቮላኖውን እኔ በቤንዚን አጠብኩት፤ ያን ጊዜ ቶሎ በል ያለኝ የለም።

ከዳገቱ ሥር ባለው መንደር አድረን ረቡዕ ጠዋት ገጠምኩት። ጋሼ እንድሪስ "ቢስሚላህ" ብለው ፔዳሉን ቀስ አድርገው ለቀቁ። መኪናዋ ጭነቷን እንደያዘች ዳገቱን ወጣችው። እንባዬ መጣ። ዞር ስል ወይዘሮ አትጠገብ ባዶ ስልቻቸውን ይዘው ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አየሁ። ዝናቡ የወረደው ንፋስ መውጫ ከገባን በኋላ ነው፤ እሳቸውን ግን መንገድ ላይ ሳያገኛቸው አልቀረም።

አሁን ሸምግያለሁ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ዕቃ በቤንዚን ሳላጥብ አስሬ አላውቅም፤ እሱ የሙያ ነገር ነው። የሚደንቀኝ ሌላው ነው። እሳቸው ማንም ያልጠየቃቸውን ጥፋት ሊናገሩ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጓዙ። እኔ የራሴን ለመናገር ከመኪናው ሥር መውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ እሱም ከብዶኝ ነበር።