ከእኔ ቀድሞ ቆሰበር የገባው ወንበር

ሌላው ስደተኛ አገሩን የለቀቀው በድቅድቅ ጨለማ እንደሆነ ያወራል። እኔ ከቆሰበር የወጣሁት አመሻሽ ላይ፣ ከገበያ ተመላሽ መስዬ ነው፤ ጎረቤቶቼ «በደኅና ግባ» ሲሉኝ «አሜን» እያልሁ የዳንግላን መንገድ ያዝሁ። መተማን አልፌ ካርቱም እስክደርስ ልቤ አላረፈም፤ ዛሬም አላረፈም።

ወገኖቼ፣ ሙቀቱንስ አትጠይቁኝ! በሐምሌ ጭጋግ ጋቢ ደርበን የምናማርረው ለካ ጥጋብ ኖሯል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸውም ስስ ነው፤ ዓይን የለውም።

ሥራ ያገኘሁት ቤት ከሚገነቡ ሰዎች ዘንድ፣ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆኜ ነው። ሲጨርሱ የሚጥሉት ጣውላ አንጀቴን በላው። እሱን ፍቄ፣ የተጣመመ ምስማር አቃንቼ፣ ወንበር መሥራት ጀመርሁ። ከየቤቱ ከሚጣለው ታኒካም ጌጥ እቆርጥለታለሁ።

አከራዬ ሐጂ ግቢውን አይተው ጮኹ።

«ያ ሐበሺ! ቤቴን ያከራየሁት ለሰው ነው ለቆሻሻ?»

«እስቲ ይቀመጡበት፣ ሐጂ።»

ተቀመጡ፤ ደገፍ አሉ። «ቆሻሻው ይቆይ። አንተ ግን ብዙ ቦታ ይዘሃል» አሉኝ።

አንዱን ወንበር ለአባቴ በነጋዴ እጅ ላክሁ። በእኛ አገር የአራሽ ልጅ ባለእጅ ከሆነ ሰው እንደሚጠየፈው፣ ልጁንም እንደማይድርለት ታውቃላችሁ። እኔ ደግሞ ተመልሼ፣ በገዛ ቀዬዬ፣ በዚሁ ሙያ መኖር እሻለሁ፤ አባቴ ከፈቀዱልኝ።

በነጋዴው በኩል በተቀጣጠርንበት ቀን አባቴ ዳንግላ ስልክ ቤት ሄደው ጠበቁኝ፤ እኔም ከካርቱም ደወልሁ።

«አባባ፣ ወንበሩ ደረሰዎት?»

«ደርሷል። ፈረንጅ የሠራው ነው፣ ልጄ ገዝቶ ላከልኝ ብዬ ለሰው አውርቼ ነበር። አንተ ግን መደገፊያው ላይ የፈረስ መጣብር ለጥፈህበታል! በበዓል ፈረሳችን ግንባር ላይ የምናስረውን ጌጥ የት አገር ፈረንጅ ነው የሚያውቀው? ከአዘና እስከ ጥሊሊ ሳቁብኝ!»

አስቤው አልነበረም፤ እጄ የሚያውቀው ጌጥ እሱው ነው።

«ጣሉት እንዴ?»

ስልከኛው እንዳይሰማ ወደ ቤታችን ቋንቋ፣ ወደ አውኝኛ ዞሩ። «ምን ብዬ እጥለዋለሁ! ወገቤን ደግፎልኛል። ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም።»

«እንግዲያው ልምጣ?»

ዝናቡ የስልክ ቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማኛል።

«ና እንጂ፣ ልጄ። መጋዝህን ግን እዚያው ተወው።»

መስመሩ ተቋረጠ። ስንቄን ቋጠርሁ፤ መልሼ ፈታሁት። መጋዜን ትቼ ማን ሆኜ ልግባ?