በአዘቦት ቀን ኢድ

ለውጡን መጀመሪያ ያየሁት ሰላት ላይ ነው። አባባ የቀትሩን ሰላት፣ ዙሁርን፣ ሰግደው ጨረሱ፣ ምንጣፉን አጠፉ፣ ትንሽ ቁጭ አሉና መልሰው ዘርግተው ያንኑ ዙሁር እንደገና ቆሙ። ሱና፣ ማለትም ትርፍ ሰላት፣ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም እዚህ አገር መጥተው ዲናቸው ጠነከረ ብዬ ደስ አለኝ።

ስኳር ስላለባቸው ረመዳንን አልጾሙም ነበር። ኢድ ካለፈ በኋላ ግን ቁርስ ሳቀርብላቸው "ጾመኛ ነኝ እኮ" ማለት ጀመሩ። ያልጾሙት ቆጭቷቸው ነው ብዬ እለምናቸዋለሁ። ይበላሉ፤ ማለቴ፣ የበሉ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ወግቻቸው፣ ቂጣና እንቁላል አቅርቤላቸው፣ ግሬፕቫይን ከተማ ወደምሠራበት ሆቴል ሄድኩ። ስመለስ ምንጣፉ ላይ ወድቀዋል። ላብ አጥምቋቸዋል። ሰውነታቸው ቀዝቅዟል። ዓይናቸው ተከፍቷል። አያዩኝም። አምቡላንስ እንዲመጣ 911 ደወልኩ። ኮታቸውን ሳወልቅ ከኪሱ ቂጣው ወደቀ። በሶፍት ተጠቅልሎ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሃይፖግላይሴሚያ ነው፣ ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዷል አሉኝ። ሌላም ምርመራ ተደረገና ዲሜንሺያ መሆኑ ታወቀ። ዶክተሯ በአስተርጓሚ እንዲህ አለችኝ፦ "የመርሳቱን በሽታ ማዳን አልችልም። ሳይበሉ ኢንሱሊን ከወሰዱ ግን በሚቀጥለው ላይተርፉ ይችላሉ።"

የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ቀየረችልን። እኔም ሥራዬን ፓርት ታይም አደረግኩ። አባባ ግን አይበሉም። ዶክተሯ ጾም ከልክላዎታለች ስላቸው "እስላም ናት?" ይሉኛል። ኢማሙ በስልክ ጾም እንደማይገደዱ ነገሯቸው፤ እሺ ብለው ስልኩን ዘጉ፣ ረሱትም። ላጉርስዎ ስል አፋቸውን በእጃቸው ይከድናሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። በተኙ ቁጥር ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን የአገር ሰው የሞላበት ነው፤ አባቷ አእምሮው ተነካ እንዳይሉብኝ በሬን ዘግቼ ነበር። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ ነጩን ጀለቢያ አለበስኳቸውና "አባባ፣ ዛሬ እኮ ኢድ ነው" አልኳቸው። በኢድ ቀን መጾም ክልክል መሆኑን አልረሱም። ምግቡን አዩት። ከዚያ በሩን አዩ።

"ኢድ ከሆነ ሰዉ የታለ? ብቻዬን የምበላው ምን ሆኜ ነው?"

በሩን ከፈትኩ። ፊት ለፊት የምትኖረው ሐዋ ከኤርፖርት ሥራዋ ገና መግባቷ ነው፣ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ሁሉንም በሹክሹክታ ነገርኳት። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ጫማዋን አውልቃ ገባችና "ኢድ ሙባረክ አባባ! ምነው፣ ያለ እኔ ሊበሉ ነው?" አለቻቸው። ሳቁ። ቆርሰው አጎረሷት። ከዚያ እሳቸውም በሉ።

አሁን ጎረቤቶቼ በምሳ ሰዓት ተራ ገብተው ይመጣሉ፤ አንዷ ሳንቡሳ፣ አንዷ ተምር፣ አንዷ ጨዋታዋን ብቻ ይዛ፣ በአዘቦት ቀን ኢድ ሙባረክ እየተባባልን እንበላለን። አላህ ውለታቸውን ይክፈልልኝ። በሽታው ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ እኔም የኮታቸውን ኪስ መፈተሽ አልተውኩም። እንደኔ የምታስታምሙ፣ የሚዋጠውን በዓይናችሁ እዩ፣ ስለ መድኃኒቱ ሐኪም ሳትጠይቁ ምንም አትቀይሩ፣ ከታማሚው ጋር ክርክር አትግጠሙ። ከሁሉ በላይ ግን በራችሁን አትዝጉ።

ባለፈው ዓርብ አባባ ሐዋን በስሟ ጠሯትና ወደ እኔ አዩ። "ይቺ እንግዳ ሳትበላ እንዳትሄድ" አሏት።

"ኢድ ሙባረክ" ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።