በደራሽ ውሃ ውስጥ የተመለሰልኝ ትንፋሽ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መድረክ ላይ መቆም አልለመድኩም፤ ዛሬ ግን ራሴ እጄን አውጥቼ መጋቢያችንን «ልናገር» አልኩት። እግዚአብሔር በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ የካ ውስጥ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ማለፍ አልፈልግም። ስሙ ይባረክ።

ታደሰ እባላለሁ። ያደግኩት ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ነው። መዋኘት ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፤ ሰው መራመድን ማን እንዳስተማረው ያስታውሳል? አዲስ አበባ ስመጣ መሃል ከተማ ባለ አንድ መዋኛ ነፍስ አድን ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራውን ያሳየኝ ኃይሉ የሚባል ባልደረባዬ ነው፤ ምጽዋ ባሕር ላይ ለብዙ ዘመን የሠራ ሰው ነበር።

«ሰጣሚ አይጮህም» ይለኝ ነበር ኃይሉ። «የሚጮኸው ገና ትንፋሽ ያለው ነው። የሚሰጥመው ዝም ይላል። አፉ ከውሃው እኩል ይሆናል፣ እጆቹ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። እንደዚያ ያለ ሰው ካየህ አትጠይቀው፣ ድረስለት።» ደግሞም «ቀድመህ ዘንግ አቀብለው። ካልደረሰ ጎማ ወርውርለት። አንተ የምትገባው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ነው። ስትገባም ከኋላው ሂድ፤ በፊቱ ከመጣህ አንገትህ ላይ ይሰቀላል። ከያዘህ ደግሞ አትታገለው፣ ይዘኸው ወደ ታች ስመጥ። እሱ የሚፈልገው አየር ነው፤ ራሱ ይለቅሃል» ይል ነበር። በዚህ ትምህርት ብዙ ሰው ከውሃ አውጥቻለሁ። እግዚአብሔርን ግን አላስበውም ነበር። ክንዴ ይበቃኝ ነበር።

ባለቤቴ ብርሃኔ ጌታን ታውቅ ነበር። ያን ጊዜ የጸሎት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚሰበሰቡት። የእሷ ኅብረት ወሰን የሚባለው ሰፈር ነበር፣ ጋሽ ሙሉጌታ የሚባሉ፣ የተጨፈለቀ መኪና የሚጠግኑ ባትላሜራ ጋራዥ ውስጥ። ውስጥ መዝሙር ሲዘመር ግቢው ላይ አንድ ወንድም ላሜራ ይቀጠቅጣል፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ብርሃኔ ይህን ስትነግረኝ እስቅባት ነበር።

አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ሰው ጥልቁ በኩል አድጦት ወደቀ። ዘንጉ አልደረሰም፤ ጎማውን ወረወርኩለት፣ አላየውም። ገባሁ። ከኋላው ደርሼ ብብቱን ልይዝ ስል ዞረብኝና አንገቴን አነቀ። እንደተማርኩት ይዤው ሰመጥኩ። ሰውየው ግን አልለቀቀኝም፤ እግሮቹንም ወገቤ ላይ ጠመጠማቸው። የመዋኛው ወለል ጀርባዬን ሲነካኝ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ ኃይሉ ነው። ሁለታችንንም አወጣን። ሰውየው ወዲያው ሳል ያዘውና ተነፈሰ። እኔ ትንፋሽ አልነበረኝም፤ ኃይሉ አፉን በአፌ ላይ አድርጎ እየነፋ መለሰኝ። ጌታ ይመስገን፣ ያን ጊዜም አልተወኝም፤ የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

ወደ ሥራ ተመለስኩ። እግሬን ውሃ ውስጥ ነከርኩ፣ ደህና። ወገቤ ደረሰ፣ ደህና። አገጬን ሲነካ ግን ደረቴ ተቆለፈ። አየር እያለ አየር አጣሁ። ወጥቼ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ያው ነው። ወገኖቼ፣ ቤት ውስጥ ፊቴን መታጠብ እንኳ አቃተኝ። ብርሃኔ ጠዋት ጠዋት ፎጣ እያረጠበች ትሰጠኝ ነበር። ዝናብ ፊቴን ሲመታኝ እንደ ሕፃን ሮጬ ጣሪያ ሥር እገባለሁ። ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። «ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ አልደርስለትም፤ ከዚያ ቦታ አንሣኝ» አልኩት። በር ላይ ትኬት እንድቆርጥ አደረገኝ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሸምገል ያሉ ዶክተር ነበሩ። ደረቴን አዳመጡ፣ ራጅ አስነሡኝ። «ልጄ፣ ሳንባህ ጤነኛ ነው። ልብህም ጤነኛ ነው። የያዘህ ድንጋጤ ነው። ለዚህ የምሰጥህ መድኃኒት የለኝም፤ ሌላ ሥራ ብትፈልግ ይሻልሃል» አሉኝ። ሌላ ሥራ አላውቅም። ወደ መገናኛ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሬ በመስኮት እያየሁ አለቀስኩ።

ብርሃኔ አልሰበከችኝም። አንድ እሑድ «ታዴ፣ መጸለይ ላትፈልግ ትችላለህ። አድርሰኝ ብቻ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ እወድቃለሁ» አለችኝ። እሷ ጭቃ ላይ ወድቃ አታውቅም። ገባኝ፤ ግን ሄድኩ።

ጋራዡ ውስጥ መኪኖቹ መሃል አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሙሉጌታ እጃቸው ቀለም በቀለም ነው። «ወንድሜ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ነፍስ አድን ነበርኩ» አልኳቸው።

ማንም አልሳቀም። ቀና ብለው አዩኝና «አንተንስ ማን ያድንሃል?» አሉኝ። ሊነኩኝ ብለው አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያ ጥያቄ አብሮኝ ዋለ፣ አብሮኝ አደረ። በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይጠራኝ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ በራሴ አልቻልኩም፣ ተቀበለኝ» አልኩ። ሰላም ገባልኝ። ሃሌሉያ።

ስለ ፍርሃቴም እጅ ጭነው ጸለዩልኝ። ቅዱሳን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምንም አልተለወጠም። ቤት ገብቼ ውሃ በእጄ ቀድቼ ወደ ፊቴ ሳቀርብ ደረቴ ያው ተቆለፈ። የውሃ ጥምቀትም አስፈራኝ። ጋሽ ሙሉጌታ «ይቆይ። ጌታ አይቸኩልም፣ እኛም አንቸኩልም» አሉ።

ክረምቱ ገባ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጸሎት ላይ ሳለን በሩ ተበረገደ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ደምሴ ነበር፣ ጠመንጃውን አንግቷል። «ተነሡ። ሁላችሁም ወደ ቀበሌ» አለ። ማንም አልተከራከረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወጣን።

ወደ ቀበሌው የሚያደርሰው አቋራጭ ከእንጦጦ የሚወርደውን ወንዝ በድንጋይ መረማመጃ ያሻግራል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። እንጦጦ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ከላይ በኩል ጭነት መኪና እንደሚመጣ ያለ ድምፅ ሰማሁ።

«ጓድ፣ ቆይ። ደራሽ እየመጣ ነው» አልኩት።

«ልታመልጡ ነው? ውሃው ይኸው ቁርጭምጭሚት አይደርስም» አለና ሊያሳየን ራሱ ቀድሞ ገባ። መሃል ሲደርስ ውሃው መጣ። ቡናማ ነው፤ ግንድ ይዟል፣ ድንጋይ ያንከባልላል። ደምሴን ከእግሩ ነቅሎ ወሰደው።

በዳሩ ሮጥኩ። ዝቅ ብሎ ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ትልቅ ድንጋይ ያለበት ጥልቅ ቦታ አለ። አዙሪቱ እዚያ ይዞ አስቀረው። አየሁት፤ ዝም ብሏል። አፉ ከውሃው እኩል ነው፣ እጆቹ ውሃውን ይጫናሉ። «ነጠላ ቋጥሩ!» አልኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን፣ ጋሽ ሙሉጌታ ጋቢያቸውን አስረው ገመድ አደረጉት። ጫፉን ወረወርኩለት። ፊቱ ላይ አረፈ፣ አልያዘውም። የጠመንጃው ማንገቻ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ታች ይጎትተዋል።

ሌላ መንገድ አልነበረም። ጋቢውን ወገቤ ላይ አስሬ «ያዙኝ» አልኩና ገባሁ።

ውሃው ራሴን አለፈ። ከኋላው ደረስኩ። ማንገቻውን ከአንገቱ ሳወልቅ ዞሮ ያዘኝ። ይዤው ሰመጥኩ። ወገኖቼ፣ ለቀቀኝ። እንደገና ከኋላው ያዝኩት፤ ወንድሞችና እህቶች እየጎተቱ ሁለታችንንም ዳር አወጡን። ደምሴ አይተነፍስም ነበር። አፉን ከጭቃ ጠርጌ ኃይሉ ለእኔ እንዳደረገው ነፋሁበት። ቆይቶ ሳል ያዘው፣ አስመለሰው፣ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ የመጀመሪያ ቃሉ «ጠመንጃዬስ?» የሚል ነበር።

ጠመንጃው የለም። በዚያ ዘመን የመንግሥት ጠመንጃ መጥፋት ምን እንደሆነ ትልልቆቻችሁ ታውቃላችሁ። ደምሴን ደግፈን ቀበሌ ገባን። ሊቀ መንበሩ አየን። «ይህ ሁሉ ሰው ወንዝ ዳር ምን ይሠራ ነበር?» አለ።

ጋሽ ሙሉጌታ «ጸሎት ላይ ነበርን፤ ጓድ ደምሴ ሊያመጣን ሲል ደራሽ ወሰደው» አሉ።

«ጠመንጃውን የጣልኩት እኔ ነኝ። አንቆት ነበር» አልኩ እኔ።

ሊቀ መንበሩ አሰበ። «ጠመንጃው ነገ ካልመጣ ሁላችሁንም ወደ ከፍተኛ አስተላልፋለሁ። አንተንም ጭምር» አለ ወደ ደምሴ ዞሮ። ከፍተኛ ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው፤ እዚያ የገባ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም ነበር። ደምሴ አንገቱን ደፋ። እዚያው ቀበሌ አዳራሽ ሲሚንቶ ላይ አደርን።

ጠዋት ውሃው ጎድሎ ነበር። በጥበቃ ወደዚያ ጥልቅ ቦታ ወሰዱኝ፤ ብርሃኔን አብራኝ እንድትመጣ ፈቀዱላት። ዳሩ ላይ ቆሜ ፈራሁ። ትናንት የገባሁት ሳላስብ ነበር። ዛሬ እያሰብኩ መግባት አለብኝ። ውሃው ድፍርስ ነው፣ ይቀዘቅዛል። አገጬን ሲነካ ያ የማውቀው መቆለፍ እንዲመጣ ጠበቅኩ።

ብርሃኔ ከዳሩ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ታዴ» አለችኝ።

«ጌታ ሆይ» ብዬ ራሴን ነከርኩ። ጨለማ ነው። ደረቴ ክፍት ነው። ትንፋሼን ያዝኩት፣ ታዘዘልኝ። እንደ ድሮዬ ታዘዘልኝ። ወጣሁ፣ ተነፈስኩ፣ ተመልሼ ገባሁ። ውሃ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ ውሃ ውስጥ እንባ እንደማይታይ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

በድፍርስ ውሃ ዓይን አይጠቅምም፤ የሚፈለገው በእጅ ነው። ከድንጋዩ ሥር ጀምሬ ጭቃውን ስንዝር በስንዝር እየዳሰስኩ ወደ ውጭ ሄድኩ። ስገባ ስወጣ ረፈደ። ከንፈሬ ጠቆረ። «ይበቃል» ሊሉኝ ሲሉ ጣቴ ጠፍር ነካ። ስቤ አወጣሁት፤ ጭቃ የለበሰ ጠመንጃ። ብርሃኔ ዳሩ ላይ ቁጭ አለች።

ሊቀ መንበሩ ጠመንጃውን አገላብጦ አየ። ደምሴ ሳይጠየቅ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እነዚህ ሰዎች ሊሸሹ ይችሉ ነበር። አንዳቸውም አልሸሹም» አለ። ሊቀ መንበሩ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «ሂዱ። ሁለተኛ እንዳልሰማ» አለን። ወጥተን ወደ ጋራዡ ሄድን። በሩን ዘግተን ከገባን በኋላ ጋሽ ሙሉጌታ መሳቅ ጀመሩ፣ እኛም ተከተልናቸው። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

«ደምሴ ጌታን ተቀበለ ወይ?» ትሉኛላችሁ። አላውቅም፤ ሲቀበል አላየሁም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በጋራዡ ሲያልፍ «ነገ እኔ ተረኛ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ነው፣ ተጠንቀቁ» ይለን ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ ደግሞ ሁለት በርሜል ቀደው፣ በይደው፣ ረጅም ገንዳ ሠሩ። እዚያ ውስጥ ተጠመቅኩ። ከውሃው ቶሎ አልወጣም ብዬ አስጨነቅኳቸው።

ወደ ሥራዬም ተመለስኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በነፍስ አድንነት ሠራሁ። ዛሬ ብርሃኔ ይኸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ልጆቻችን በነፃነት፣ ጮክ ብለው ይዘምራሉ። በየቀኑ ጠዋት ተነሥቼ ስተነፍስ አመሰግነዋለሁ፤ እስትንፋስ የሰጠኝ እሱ ነው።

ከእናንተ መሃል ፍርሃት ይዞት ለማንም ያልተናገረ ካለ፣ ዛሬ አይሸሸግ። መልሱ የሚመጣበትን ቀን እኔ አልነግራችሁም፣ አላውቀውም። እሱ ግን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎቹ እዚህ ይቆማሉ፤ እኔና ብርሃኔም አብረናቸው እንቆማለን። ኑ፣ አብረን እንጠብቀው።